ስለ አሥራ አንድ ሜትሩ ገመድ የተሰጠ ቃል

የምርመራ ክፍል፣ የምስክር ቃል መቀበያ

ቃል ሰጪ፦ የሜዳ ጠባቂው ባለቤት፤ በሰፈሩ መጠሪያቸው እትዬ ሳሙና
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የጡብ ፋብሪካው እግር ኳስ ቡድን ልብስ አጣቢ
አድራሻ፦ ከሜዳው አጥር ጋር የተያያዘው ባለ ሁለት ክፍል ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ በጨዋታው ማግስት፣ ከጠዋቱ 2፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ የዕለቱ ተረኛ መርማሪ

ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ትናንት እሑድ ከምሽቱ 12፡30 ገደማ ባለቤቴ በጡብ ፋብሪካው ሜዳ ላይ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡንና ክልሉን እንግዳውን ክለብ ለመጉዳት ሆን ብሎ አሳጥሯል ተብሎ ተይዟል። ሲጠየቅም «አዎ፣ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት» ብሎ መመለሱን አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። ይህ የሰጠው ቃል ሐሰት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን የዋሸኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ ፊቱን አይቼ ደርሼበታለሁ። የትናንቱ ሦስተኛው ነው። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ቢሉኝም ያለሱ ቃሌ ስለሚጎድል እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ባለቤቴ የሜዳው ጠባቂ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሣሩን ያጭዳል፣ የግቡን መረብ ይጠግናል፣ ከጨዋታ በፊት መስመሩን በኖራ ያሰምራል። መስመሩ ዝንፍ ስለማይል ተጫዋቾቹ ጋሽ ማስመሪያ ይሉታል። ርቀቱን የሚለካው ራሱ ባዘጋጀው የጥጥ ገመድ ነው። ገመዱ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። አንዱ አሥራ አንድ ሜትር ላይ ሆኖ ለፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ያገለግላል፤ ሌላው አሥራ ስድስት ሜትር ተኩል ላይ ሆኖ ለክልሉ ነው። የፋብሪካው ጽሕፈት ቤት የብረት ሜትር ሊሰጠው ቢፈልግ «ብረት ከእኔ እጅ ጋር አይግባባም» ብሎ መልሶታል። ገመዱን ዕቃ ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅሎ ነው የሚያስቀምጠው። ሜዳ ላይ ሆነን ዝናብ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያስገባው ገመዱን ነው፤ እኔን ቀጥሎ ነው። ውኃ እንዳይነካው ለምን እንደሚጠነቀቅ ጠይቄው አላውቅም። ሰው የሚሳሳለት ዕቃ አለው ብዬ ትቼዋለሁ።

ቀጥሎ ያለውን ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብቶኝ ነበር። ባለቤቴ ሁለቱንም ዐይኖቹን ሞራ ጋርዶበታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጠዋት አስምሮ ሲጨርስ የመሀል ሜዳው መስመር ተጣሞ አየሁት። እሱ አላየውም። «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጥሩ ነው፤ ግባና ቁርስህን ብላ» አልኩትና እሱ ሲበላ ወጥቼ ጠርጌ እንደገና አሰመርኩት። የማስመሪያው ጋሪ ውስጥ የቀረውን ኖራ በእጁ ሲዳብስ አነሰበትና ነቃብኝ። ተጠባባቂዎቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ «ለኮሚቴው እንዳትነግሪ» አለኝ። ቡድኑን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ፣ ባለቤቴ መሥራት ያቃተው ዕለት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና እንደሚድን ነግሮታል። እሱ ግን ተኝቼ ስነሣ ቁልፌን ሌላ ሰው እጅ ላይ አገኘዋለሁ እያለ ነገሩን ከዛሬ ነገ ሲያስተላልፍ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ መስመሩን የማሰምረው እኔ ነኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እሱ ገመዱን ይዞ ቋጠሮውን በጣቱ እየዳበሰ ልኩን ይነግረኛል፤ እኔ ጋሪውን እገፋለሁ። ሰው ብቅ ካለ እሱ የጋሪውን እጀታ ይይዛል፣ እኔ መጥረጊያ አነሣለሁ። አንድ ቀን የፋብሪካው ዘበኛ ሳናስበው ሲደርስብን ተደናግጠን ሁለታችንም አንዱን መጥረጊያ ያዝን። ዘበኛው ባልና ሚስት እንዲህ ሲዋደዱ አይቼ አላውቅም ብሎ ለሠራተኛው ሁሉ አወራ።

የአገር አቀፉ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ለተመዘገበ ክለብ ሁሉ ክፍት ነው። ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ያሏቸው የትልቁ ሊግ ክለቦችም፣ እንደኛ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚጫወቱትም አንድ ዕጣ ውስጥ ይገባሉ። የእኛ ቡድን ሁለት ዙር አልፎ የማያውቅ ሲሆን ዘንድሮ አልፎ በሦስተኛው ዙር ከትልቁ ሊግ ክለብ ጋር፣ ያውም በራሳችን ሜዳ ደረሰው። በረኛችን የእቶን ሠራተኛ ነው። ዕጣው መውጣቱን የሰማ ዕለት አንድ እቶን ሙሉ ጡብ አሳርሯል። ኮሚቴው ለእንግዳው ክብር ብሎ ሁለቱን የግብ አካባቢዎች አፈር አስደልድሎ አዲስ ሣር ስላስተከለ የቀድሞው የክልሉ መስመር ምልክቱ እንኳ ጠፍቶ ነበር።

ዐርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ የቡድኑን ልብስ ሳጥብ ነበር። ባለቤቴ ሜዳው ላይ ሣር ያጠጣል። የኖራ ከረጢት ላነሣ ዕቃ ቤት ስገባ ገመዱን አየሁት። ኖራና ጭቃ ጠጥቶ ጠቁሯል። ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚተላለፍ በመሆኑ የባሌ ገመድ በአገር ፊት እንደዚህ ሆኖ አይታይም ብዬ አወረድኩት። ለነጫጭ ካልሲዎቹ ያፈላሁት ውኃ ተርፎ ስለነበር እሱ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በሳሙና አሽቼ፣ አለቅልቄ ሽቦ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ ተመልሼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ራሱ አግኝቶት ደስ እንዲለው አስቤ ምንም አልነገርኩትም። የጥጥ ማሊያ በፈላ ውኃ ከታጠበ እንደሚያጥር በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ገመዱም ጥጥ መሆኑ ግን በዚያች ሰዓት አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው ስለ እንግዶቹ አቀባበል ሊያነጋግረው ባለቤቴን ጠራው። ስለዚህ ገመዱን ሳይነካው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አሰመርኩ። የገመዱን ጫፍ ከግቡ መስመር ላይ ችካል መትቼ አሰርኩና በመጀመሪያው ቋጠሮ ነጥቡን፣ በሁለተኛው ክልሉን ሠራሁ። በሁለቱም ግብ በኩል ያደረግኩት አንድ ዓይነት ነው። ከተጫዋቾቹም ሆነ ከአሠልጣኙ አጠገቤ የነበረ የለም። ያጠረ ነገር መኖሩን እኔም አላወቅኩም።

ጨዋታው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ከዚያ በፊት ዳኛው ሜዳውን ዞሮ አይቶ የባለቤቴን እጅ ጨበጠና «በትላልቆቹ ሜዳዎች እንኳ እንደዚህ ያማረ መስመር አላየሁም» አለው። ባለቤቴ እኔ ወዳለሁበት አቅጣጫ ዞረ። እኔ ፎጣ የማጥፍ መሰልኩ። መደበኛው ሰዓትና ጭማሪው አንድ ለአንድ አለቀ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው የእንግዳው ክለብ አጥቂ ተጠልፎ ወድቆ ነበር። ዳኛው መስመሩን አይቶ ከክልሉ ውጪ ነው በማለት ቅጣት ምት ሰጠ፤ ኳሱም ግድግዳ ሠርተው የቆሙትን የእኛን ልጆች ነክቶ ወጣ። መርማሪው በትክክለኛው ልክ ቢሆን ቦታው ክልሉ ውስጥ ይውል እንደነበር ጠይቀውኛል። ይውል ነበር። ለቡድናችን ባይበጅም እውነቱ እሱ ነው። ከዚያ በመለያ ምት አራት ለሦስት አሸነፍን። በረኛችን የመጨረሻውን ኳስ ሲመልስ እጄ ላይ የነበረውን ፎጣ የት እንደጣልኩት እስካሁን አላውቅም።

ጨዋታው እንዳለቀ የእንግዳው ክለብ አሠልጣኝ ነጥቡ ላይ ቆሞ ወደ ግቡ በእርምጃ ለካ። ከዚያ የጨዋታውን ኮሚሽነር ጠራ። በብረት ሜትር ሲለካ ነጥቡ አሥር ሜትር ከሃያ ሦስት ሳንቲሜትር፣ ክልሉ አሥራ አምስት ሜትር ከሠላሳ አራት ሆነ። አሠልጣኙ ሆን ተብሎ የተሠራ ማታለል ነው፣ የፋብሪካው ልጆች ሳምንቱን ሙሉ በዚሁ ባጠረ ልክ ሲለማመዱ ሰንብተዋል ብሎ ፖሊስ ጠራ። በእርግጥ የእኛ ልጆች መስመሩን ያዩት እሑድ ነው፤ ሳምንቱን የተለማመዱት አዲሱ ሣር እንዳይረገጥ ከፋብሪካው መጋዘን ጀርባ ነው።

ባለቤቴ ገመዱን እንዲያመጡለት ጠየቀ። በእጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆም አለና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የሳሙናዬ ሽታ የትም ቢሆን አይጠፋውም። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ወደ እኔ አልዞረም፤ ቀና ብሎ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። ሌላ ሰው የለበትም» አለ። በዚያ ሰዓት ነገሩ አልገባኝም ነበር። እንዲያውም ቡድኑን ስለሚወድ እውነት አድርጎት ይሆን ብዬ ለጥቂት ጊዜ ጠርጥሬዋለሁ። በዚህ አፍራለሁ።

ቤት ስገባ በሩ አጠገብ ያለው ሽቦ ላይ ዐርብ ያጠብኳቸው ትርፍ ካልሲዎች ተሰጥተው ነበር። አንዱን ካልሲ አወረድኩና እጄ ላይ እንደያዝኩት ዐርብ ያደረግኩት ሁሉ መጣብኝ። ጎረቤታችን ከሆነው አናጺ የብረት ሜትር ተውሼ፣ ኮሚሽነሩ መርምሮ የመለሰውን ገመድ ግቢው ውስጥ ዘርግቼ ለካሁት። አናጺው ሌላኛውን ጫፍ ይዞ «እትዬ፣ ይኼ እኮ ተኮማትሯል። ምን ነካው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ገመዱን ከዚህ ቃል ጋር በማስረጃነት አስረክቤያለሁ። ከዚሁ ዓይነት ካልታጠበ የጥጥ ገመድ አንድ ክንድ ቆርጠው በፈላ ውኃ ቢነክሩ የሚሆነውን በዐይንዎ ያያሉ።

ባለቤቴ የዋሸው በሁለት ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው እኔ እዚህ ወንበር ላይ እንዳልቀመጥ ነው። ሌላው እውነቱ ከተነገረ ዐይኑም ሊነገር ነው፣ ዐይኑ ከተነገረ ቁልፉ ሊሄድ ነው። ዐይንህ ጠፋ ተብዬ ቁልፉን ከምነጠቅ ሃያ ስድስት ዓመት ያቆየሁትን ስም አጭበርባሪ ተብዬ ባጣ ይሻለኛል ብሎ ነው። እኔ ግን አይሻለኝም። ይህ ሰው የተቃራኒ ቡድን በረኛ ጓንት እርጥብ ከሆነ ወስዶ የሚያደርቅለት ሰው ነው። ውጤቱ ተሰርዞ ጨዋታው ይደገም ቢባል አልቃወምም፤ ልጆቹም ይህንን ከእኔ አፍ ዛሬ ይሰማሉ። ቁልፉን ኮሚቴው ይውሰደው። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፤ እሱ ይለቀቅልኝ። ያስገባኝን ቃል በማፍረሴ በጣም እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። ይቆጣኝ፤ ግን ቤቱ ገብቶ ይቆጣኝ።

ከላይ የሰፈረው በፈቃዴ የተናገርኩት፣ ተነቦልኝ ያዳመጥኩት፣ ያልጨመርኩበትና ያልቀነስኩበት እውነተኛ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ከጠዋቱ 4፡05 ሰዓት፦ ይህ ቃል ለተጠርጣሪው በተያዙበት ክፍል ተነቦላቸዋል። ትናንት የሰጡት ቃል ሐሰት መሆኑን አምነው አንስተዋል። የሚቃወሙት ወይም የሚጨምሩት ካለ ሲጠየቁ የሚከተለው ብቻ እንዲሰፍርላቸው ጠይቀዋል፦ «የሁለት ዓመቱ መስመር በሙሉ የእሷ ነው። ሰው ሁሉ እኔን ሲያመሰግን አጠገቤ ቆማ እየሰማች ዝም ብላለች። እሱን ረስታዋለች፤ ይጻፍ።» መፈረሚያው ቦታ ስላልታያቸው ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው መስመሩ ላይ አድርሰውላቸው ፈርመዋል።