የመሪጌታ ገዳሙ ሰባት መርፌ

ባለፈው ጥር መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ደብረ ማርቆስ ሄጄ፣ አንድ ፋርማሲ ደጃፍ አግዳሚ ላይ መሪጌታ ገዳሙን አገኘኋቸው። ቁይ ከተማ አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ደብሩን የሚሞላ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን ፊታቸው አመድ መስሎ፣ አንዲት ፌስታል ታቅፈው ቁጭ ብለዋል። ደነገጥኩ።

"ምን ሆኑ፣ የኔታ?"

"ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሰኝ። የቀረውን መርፌ ልመልስ ነው የመጣሁ፤ ለሌላ ምስኪን ይስጡት" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስኳር በሽታና ውፍረት ጉልበታቸውን ጥሎት፣ አምና በአስተርዮ ማርያም ንግሥ ማኅሌቱ ሳያልቅ ቁጭ ብለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ ዘንድሮ እስከ መጨረሻው መቆም። ሐኪም በሳምንት አንዴ የሚወሰድ፣ ክብደት የሚቀንስ መርፌ አዘዘላቸው። እሳቸውም እንደ ጠበል ቈጠሩት፤ ለአንድ መርፌ አንድ ሱባኤ፣ ለሰባት መርፌ ሰባት ሱባኤ። ሰባተኛው ሲሞላ ሚዛን ላይ ቢወጡ የቀነሱት ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። ተናደዱና የሚቀጥለውን መርፌ ቀኑ ሳይደርስ ደርበው ተወጉ፤ ያስመለሳቸውም ይኸው ነው።

ይህን ሲነግሩኝ ፋርማሲስቷ ምሥራቅ ሰምታ ወጣች። የቁይ ልጅ ናት፤ አባቷ ዓለምነው የመሪጌታ ጎረቤት ነው።

"የኔታ፣ ሰባት መርፌ ይበቃል ያለዎት ማን ነው?"

"ማንም አላለኝ። በሰባት ሱባኤ ያልለቀቀ ደዌ በስምንተኛው ይለቃል እንዴ?"

"ጠበሉን በሥርዓቱ ይያዙት፤ እኔ አልነካውም። ይኼ ግን በዝግታ ነው የሚሠራው። ሆድ እስኪለምደው በትንሹ ይጀመራል፤ ከዚያ ሐኪሙ እያየ ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሦስት ኪሎ መቀነስ ደግሞ ደኅና ጅምር ነው።"

እኔ ጡረታ ብወጣም አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አይሆንልኝም። "እንግዲህ ልጄ፣ የሚያስደስታቸውን ንገሪያቸው እንጂ" አልኳት።

"ጋሼ፣ እዚህ ያደረሳቸው እኮ የማይሆን ተስፋ ነው" አለችኝ። አፈርኩ።

"ተዋት፤ ቁርጡን ትንገረኝ" አሉ መሪጌታ።

"መቶ አራት ኪሎ ነበሩ። በዓመት ዐሥር ኪሎ ቢቀንሱ፣ ቢቀናዎትም ዐሥራ አምስት፣ ትልቅ ነገር ነው። ለአንዱ ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል። ምግብዎን ካልመጠኑና በአቅምዎ ካልተራመዱ ከዚህም ይቀንሳል። መርፌውን ሲያቋርጡት ደግሞ አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል። ያለቀ ጉልበትንም አዲስ አያደርግም።"

"ለአስተርዮ እቆማለሁ?"

ምሥራቅ አንገቷን ደፋች። "የዘንድሮውን አይቆሙም፣ የኔታ።"

ሽማግሌው ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "የከርሞውንስ?" አሉ።

"ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ስኳሩ ይወርዳል፤ እግርዎ ይቀልልዎታል። ከቤትዎ እስከ ደብሩ መንገድ ላይ ሳያርፉ ይደርሱ ይሆናል።"

"ይኼን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ኖሮ ሦስቱን ኪሎ አልንቃቸውም ነበር" አሉና ፌስታሉን መልሰው ታቀፉ። እሷም ሐኪሙ ሳያያቸው ሌላ መርፌ እንዳይወስዱ አጥብቃ ነግራ፣ ክንዳቸውን ይዛ ወደ እሱ ወሰደቻቸው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ በሽተኛን ከሚጎዱት አንዱ እኛ ለማስደሰት የምንነግረው ነገር መሆኑን ነው። የመድኃኒቱን ልክ ያወቀ ሰው ግን ለውጡ ሲዘገይ መርፌ አይደርብም፤ ትንሿንም ለውጥ አይቶ ይጸናል፤ ሐኪሙንም አይሸሽም።

በአስተርዮ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቁይ ሄጄ ጎበኘኋቸው። ማኅሌቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ነበር የጨረሱት። ድምፃቸው ጎርንኗል፤ ዐይናቸው ቀልቷል።

"ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ነገ የመርፌ ቀኔ ነው" አሉኝ።

"ስንተኛዎ ነው?"

"መቁጠሩን ትቼዋለሁ" አሉኝ።