ጌቶች የገቡበት ቤት

ኔስታን የመሳፍንት ዘር ናት፤ በኢሜሬቲ ኮረብቶች ግን ሰው የሚያውቃት ለልጆች በምትጽፈው ግጥም ነው። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጎረቤቷን ወይዘሮ ኬሳሪያን በሩ ላይ አገኘቻቸው። ባልቴቷ ቀይ ጨርቅና አንድ እቅፍ አበባ ይዘዋል። ኔስታን ይህን ስታይ ደነገጠች።

«እሜቴ፣ ማን ታመመ?»

«ኧረ ዝም በይ! ታመመ አይባልም» አሉ በሹክሹክታ። «ጌቶች ገብተውልናል። የልጅ ልጄን ቫኖን መርጠውታል፤ ፊቱ ሁሉ አብቧል።»

ፈንጣጣን ነው እንዲህ የሚያቆላምጡት! ስሙ አይጠራም፤ ቀይ ጨርቅና አበባ ይዘጋጅለታል፣ ይዘፈንለታል፣ ማር ይቀርብለታል፤ ሐኪም ግን ደጁን አይረግጥም። የዚህን እንግዳ ውለታ ለማወቅ የልጆቹን መቃብር ማየት ይበቃል።

«እህቱስ? ታሙኒስ?»

«ደህና ናት። ከጎኑ ተኝታለች።»

«ከጎኑ! በእግዚአብሔር፣ እሜቴ! ልጆችን የሚከትበው ከታቢ ዛሬ ገበያው ውስጥ ነው፤ ሲመሽ ይሄዳል። አሁኑኑ እንውሰዳት።»

«ጌቶች ቤቴ እያሉ መርፌ? ተቆጥተው ሁለቱንም ቢወስዱብኝስ? እንኳን እኔ፣ ያንቺ የመሳፍንቱ ቤትም እንግዳ አያስቀይም፣ ልጄ።»

«አምና የወይን ተክልዎ ሲታመም መድኃኒት ብለው ድኝ አስነስንሰው የለ? ያኔ ማን ተቆጣ?»

«ወይን ሌላ፣ ልጅ ሌላ!»

«አዎን፣ ሌላ ነው። ወይን መልሶ ይተከላል።»

ኬሳሪያ በገኑ። «ከተማ ገብተሽ ተማርሽና አሁን እኛን ልትገሥጪ! በየቤቱ ለጌቶች የሚዘፈነው የማን ግጥም ነው? ያንቺው አይደለም? ‹እሹሩሩ አበባዬ፣ ቀይ ልበስና ተኛ፣ ጌቶች ከሩቅ መጥተው፣ እንግዳ ሆኑ ለእኛ።› ከትናንት ጀምሮ እሱን ስዘፍን ጉሮሮዬ ደረቀ!»

ኔስታን የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠች። አሁን የምትናገረውን ከዚህ በፊት ለማንም ነግራ አታውቅም።

«መጨረሻውንስ ይዘፍኑታል? ‹ማለዳ ብጠራህ፣ ምነው ዝም አልክ ልጄ፣ ማሩም እንዳለ ነው፣ ደረቀ በእጄ።›»

«እሱማ... እንቅልፍ ወስዶት አይደል?»

«ሞቶ ነው ዝም ያለው፤ ልጄ ጊዮርጊ ነው፣ እሜቴ። እኔም ሐኪሙን ከደጅ መልሼ ማር ያቀረብኩ ነኝ። ሙሾ ነው የጻፍኩት፤ አገሩ እሹሩሩ አደረገው። ሲዘፍኑት ስሰማ ‹ይህ ሙሾ ነው› ለማለት አፌ ተያዘ።»

ኬሳሪያ አበባውን ጣሉት። ቤታቸው ገብተው ታሙኒን በኩታ ጠቅልለው፣ በዚያ እርጅናቸው እየሮጡ ወደ ገበያው ወረዱ።

ታሙኒ ክንዷ አብጦ ጥቂት ቀን አተኮሳትና ተሻላት። ቫኖ ሳምንቱን አልጨረሰም።

በአርባው ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አንዲት ሴት ልታጽናናቸው ብላ «ጌቶች ወደውት ነው የወሰዱት» አለች።

«ጌቶች አትበይ!» አሉ ኬሳሪያ። «ፈንጣጣ ነው። ፈንጣጣ ገደለው።» የታሙኒን እጅጌ ሰብስበው ክንዷን አሳዩ። «ይቺን ጠባሳ ፈርቼ ነው ቫኖን የቀበርኩት። የተከተበን ልጅ ፈንጣጣ ዓይኑን አያጠፋውም፣ ፊቱን አይበላውም፣ መቃብርም አያወርደውም። ከታቢው ዛሬ ተመልሷል። ልጅ ያላችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ሴቶቹ ኔስታንን አዩ። እሷ ታለቅስ ነበር። መጀመሪያ ማንም አልተነሳም፤ በኋላ አንዲት እናት የምታጠባውን ልጇን አዝላ ወደ ከታቢው ወጣች፤ ሌሎቹም ምግቡን ሳይቀምሱ ተከተሏት።