መብረቁ ጓዳ ነው

(በጥንት ዘመን፣ የግሪክ አማልክት በየዓመቱ ኢትዮጵያ እየመጡ በሚጋበዙበት ጊዜ፤ በግብዣው አሥራ ሁለተኛ ቀን። የዝናብና የመብረቅ ጌታ ዜውስ ሊሄድ ተነሥቷል። ያስተናገደችው ባልቴት ይመኙሻል ደጃፏ ላይ ብቅል ታሰጣለች።)

ዜውስ፦ ይመኙሻል፣ መብረቄን አምጪ አልኩሽ እኮ!

ይመኙሻል፦ ጓዳ ነው። እንግዳ ሲገባ መሣሪያውን ተቀብለን እናስቀምጣለን፤ ሲወጣ መርቆ ይወስዳል። እርስዎ ገና አልመረቁም።

ዜውስ፦ ይኸው፣ ተባረኪ።

ይመኙሻል፦ በአፍማ ጎረቤቴም ይመርቀኛል። እኔ የምፈልገው ዝናብ ነው። መሬቱ ጠብታ ካየ ሁለት ዓመቱ።

ዜውስ፦ ከርሞ አዘንባለሁ አልኩ።

ይመኙሻል፦ አምናም ከርሞ ብለው ነበር። ከዚያ አንዲት ቆንጆ አዩና በሬ ሆነው እብስ አሉ። ጎረቤቴ ሊጠምድዎ ቀንበር ይዞ ሲያሯሩጥዎ አልነበር?

ዜውስ፦ ቀስ በይ! ሚስቴ ትሰማለች።

ይመኙሻል፦ ሰማይ የሚያናውጥ ጌታ ሚስቱን ይፈራል?

ዜውስ፦ አታውቂያትማ! ደግሞ የዘንድሮውን ዝናብ ለግሪኮች ሰጥቻለሁ። መቶ በሬ አርደውልኛል።

ይመኙሻል፦ ሥጋውን ማን በላው?

ዜውስ፦ እነሱው ናቸዋ። ለእኔ አጥንቱንና ሞራውን አቃጥለው ጭሱን ላኩልኝ።

ይመኙሻል፦ ጭስ! እኔ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በእጄ እያጎረስኩዎ!

ዜውስ፦ ጉርሻሽስ አይረሳም። ግን አሁን ገብቼ መብረቄን ብወስድ ማን ይከለክለኛል?

ይመኙሻል፦ ራስዎ። ያስተናገደውን ሰው ቤት የሚደፍር እንግዳ የተረገመ ይሁን ያሉት ማን ሆነና?

ዜውስ፦ ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ፤ አፍሽ አያርፍም።

ይመኙሻል፦ ያኔ አባቴን ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን ልጄን መሰሉ። አንዲት ሽበት እንኳ አልጨመሩ። ለዚህ ነው ከርሞ ማለት የሚቀልዎት። እኔ ከርሞ የለኝም። ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ። የልጅ ልጆቼ ባዶ መሶብ ሲከፍቱ ማየት አልችልም።

ዜውስ፦ እንዲህ አትበዪ እንጂ።

ይመኙሻል፦ ይሄ ብቅል የመጨረሻው ነው። ከርሞ ሲመጡ ቤቱን ወና ያገኙታል። እኛስ ብንራብ ሞተን እንገላገላለን። እርስዎ ግን አይሞቱም፤ ጭስ እያሸተቱ ለዘላለም ይራባሉ።

ዜውስ፦ ይመኙሻል።

ይመኙሻል፦ አቤት።

ዜውስ፦ መብረቄን አምጪና ብቅልሽን ቶሎ አንሺ፤ ሊበሰብስብሽ ነው።