እሱ አነበበ፣ እሷ አነባች

«እንደው ይህ መስኮት አይከፈት ይሆን ብሩክታይት?... አዪ፣ ተይው ልጄ፣ አቧራው ነው የሚገባው። ዘንድሮ ዝናቡም እንደ ሰው ቀጠሮ አያከብር። ድንችሽን ወንበር ሥር አድርጊው፣ እዚያ አይንከባለልም። ይኸ ሹፌር ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነዳ ይመስላል፤ ይሁን፣ ወሬ ካለ መንገድ አይረዝም።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው። በሞጣ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ሲያውሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሥራቸው ድምፅ ዝቅ አድርጎ መናገር አስለምዷቸዋል፤ ዝቅ ያለው ድምፃቸው ግን ሦስት ወንበር አልፎ ይሰማል። ከጎናቸው የተቀመጠችው ብሩክታይት ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ከኋላቸው ደግሞ ስጦታው ተቀምጧል።

ስጦታው ማለት ደራሲ ወይም ባለሙያ ወደ ሞጣ መጥቶ ስለ መጽሐፍ ሲወያይ መድረኩን የሚመራው ሰው ነው። ዛሬም በዚህ ሚኒባስ ወደ ቢቸና የሚሄደው ለዚሁ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ከደራሲዋ ከእፀገነት ጋር ይወያያል። ባለፈው ወር ከእሷ ጋር ሞጣ ላይ ያደረጉት ውይይት ስለተወደደ ነው የቢቸናዎቹ የጠሩት። ቢያንስ እሱ የሚያውቀው ይህን ነው። ትንሽ የሚያሰጋው ነገር ቢኖር የቢቸና አዳራሽ ነው፤ የፊት ወንበሩን የቅኔ መምህራን ይይዙታል፣ እነሱ ደግሞ ከአፍ ያመለጠች ቃል መሬት ሳትደርስ ይቀልባሉ። እሱ ግን ማስታወሻውን ጽፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቷል።

ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ ወይዘሮ ይርጋነሽ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጅ ነስተውት ነበር። ከሚገባው በላይ ጎንበስ ማለታቸውን ልብ አላለም።

«ምን እያልኩሽ ነበር?... አዎን፣ ስለ ንባብ። ሰው ሁሉ ‹ንባብ ቀረ፣ ስልክ በላው› ይላል። ማን ነው ቀረ ያለ? አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ መጽሐፍ ወስዶ በሳምንቱ የሚመልስ። ሲመልሰው ብታዪው! ገጹ አልታጠፈ፣ ጠርዙ አላደፈ፣ የጣት አሻራ እንኳ የለበት! እኛ እኮ ስናነብ መጽሐፉን እናጎሳቁለዋለን። እሱ ግን... ንክች አያደርገውም።»

ስጦታው ከኋላ ሆኖ ፈገግ አለ። እሱን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶታል፤ ደስም ብሎታል። ሲመሰገን እንዳልሰማ መሆን ይችልበታል።

«ደግሞ ጥያቄው! አንዲት ጥያቄ አለችው። ‹ይህን መጽሐፍ እንዲጽፉ ያነሣሣዎት ምንድን ነው?› የታሪኩ ደራሲ መጡ፣ ጠየቃት። ገጣሚው መጣ፣ ጠየቃት። ስለ ንብ ማነብ የጻፉት ባለሙያ መጡ... ጠየቃት! ባለሙያው ምን ይበሉ? ‹ንብ› አሉት። አቤት የሳቅነው! አናቢና አንባቢ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት መታደል ነው፣ ልጄ። አናቢው ቀፎውን ከፍተው እንደሚያውቁ ፊታቸው ይመሰክራል፣ የተነደፉበት አለ። አንባቢው ግን... የሱ ፊት ጥርት ያለ ነው።»

ፈገግታው እዚህ ላይ ላላ። ስጦታው ክፉ ሰው አይደለም። መጽሐፍም አይጠላም፤ ነገ አነበዋለሁ እያለ ያስቀምጠዋል እንጂ። ነገ ሳይመጣ የውይይቱ ቀን ይደርሳል፤ ያኔ የጀርባውን ሽፋን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾችና የመጨረሻዋን ገጽ አይቶ መድረክ ይወጣል። እስከ ዛሬ ማንም አልነቃበትም፣ ወይም የነቃበት ሁሉ ዝም ብሎለታል።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ያላነበቡት መጽሐፍስ... መቼ ይረሳል? ለዚህ ነው እሱ ምንም የማይረሳ! ባለፈው ወር አንዲት ልጅ መጽሐፏን ይዛ መጥታልን ነበር፤ አንቺ ተረኛ ሆነሽ ቀርተሽ ነው። ምን አላት መሰለሽ? ‹በተለይ መካከሉ! መካከሉን በሳቅ እየፈረስኩ ነው ያነበብኩት።› ልጅቱ ዓይኗ ሞላ። እሱ እቴ፣ ደግ አይደል? መሐረብ አውጥቶ ሰጣት። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ከዳር ሆኜ በሆዴ ምን አልኩ? እሱ አነበበ... እሷ አነባች።»

ስጦታው ያንን እንባ የደስታ እንባ ነው ብሎ ለባለቤቱ ሳይቀር አውርቶላታል። አሁን «አነባች» የምትለው ቃል ጆሮው ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች። መካከሉ ላይ ምን ነበር? ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ፤ ከስጦታው ጎን የነበሩት ሰውዬም ወረዱ።

«ደብረ ወርቅ ደረስን? እንግዲህ ሰሙን ከሞጣ ጀምሬ ሳቀልጥልሽ መጣሁ፣ ወርቁ እዚህ ነው። ማተሚያ ቤት ከላከልን ቅጂዎች አንዱ ጉድለት ነበረበት። ከዘጠና ሰባት እስከ መቶ አሥራ ሁለት ያለው ገጽ ቀለም አልነካውም፣ ነጭ! መልሼ ልልከው ለብቻ አስቀምጬው ነበር፤ ለካ ተሳስቼ ለአንድ ሰው ሰጥቼዋለሁ። መቼ አወቅሁ? ‹በተለይ መካከሉ› ሲል ደንግጬ መዝገቤን ያየሁ ጊዜ! እኛ ምስኪኖቹ የተጻፈውን ነው የምናነብ። እሱ ያልተጻፈውን! ባሕታዊ እንኳ እዚህ ማዕርግ ላይ አይደርስ። ጥቁሩን ለእኛ ትቶ ነጭ ነጩን... አይ፣ ነጭ ሲያወራ አፉ ያምርበታል!»

ስጦታው ቦርሳውን ከፈተ፤ ለዛሬው ውይይት ብሎ ሳይመልስ ያቆየውን መጽሐፍ አወጣ። ዘጠና ስድስት አለ። ገለጠ፣ ነጭ። እንደገና ገለጠ፣ ነጭ። ጆሮው ጋለ። ደረት ኪሱ ያለችው ማስታወሻ የምትጀምረው «መካከሉ፦ ሳቅ» ብላ ነው። እቺን ይዞ ነበር ስምንት ሰዓት ላይ በቅኔ መምህራን ፊት ሊቀመጥ፣ ከዚያችው ልጅ ጎን። አፈረ። ያሳፈረው የሴትዮዋ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ያን ዕለት መሐረብ ማውጣቱም ጭምር ነው።

«መካከሉ ላይ ምን እንደነበር አትጠይቂኝም? እናቷ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት። ታመው ተኝተው ‹የጻፍሽውን አንብቢልኝ› ይሏታል፤ ታነብላቸዋለች። ትንፋሻቸው እንዳቆመ እያወቀች ገጹን ሳትጨርስ አላቆመችም። ይኸ ነው እንግዲህ... በሳቅ የሚያፈርሰው። ደህናውን ቅጂ ይዤው ነበር፣ ጉልበቴ ላይ ከበደኝ። ከኋላ ወንበር ተለቋል መሰለኝ፣ እዚያ ላኑረው። የሚነካው የለም፣ አታስቢ።»

ወደ ኋላ ሳይዞሩ መጽሐፉን በትከሻቸው አሳልፈው ባዶው ወንበር ላይ አኖሩት።

ስጦታው ጥቂት አየው። ከዚያ አነሣው። ዘጠና ሰባትን ገልጦ ማንበብ ጀመረ፤ መኪናው ሲነጥር መስመር እየጠፋው፣ በጣቱ እየተከተለ። መቶ ሦስት ላይ እናትየው ልጃቸውን «ቀስ በይ፣ እኔ ለመስማት አዲስ ነኝ» ይሏታል። እዚያ ላይ ቆመ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ቀጠለ። መቶ አሥራ ሁለትን ሲጨርስ የቢቸና ቤቶች መታየት ጀምረው ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፤ እሱም ይቅርታ ነው። በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ ፈራ።

መኪናው ቆመ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ በሹፌሩ መስታወት የስጦታውን ቀልተው ያበጡ ዓይኖች አዩ። ድምፃቸው እንደ ማር ሆነ።

«ተመስገን፣ በሰላም ገባን። ይቅር ይበለኝ፣ መንገዱን በሰው ነገር ጨረስኩት። ደግሞ እኮ እወደዋለሁ! ልመርቀውና ልውረድ፣ አንቺ አሜን በይልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከመድረክ አይለየው። ስሙንም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍለት... ሲጽፍለት ግን አደራ፣ መካከሉ ላይ አያድርገው። ሽፋኑ ላይ ያድርግለት... እንዲያገኘው።»