ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ምስጢር

የልጄን የትምህርት ቤት ሹራብ ሸማ ተራ አርማ አሰፍቼበት፣ ሹራቡን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ወደ አማኑኤል በሚሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ አንዲት አስተማሪ ለማታውቃቸው ሽማግሌ ደብዳቤ ታሳያለች።

«ማስጠንቀቂያ ነው ጋሼ። የትምህርት ቤቱን ምስጢር አወጣሽ ተባልኩ።»

«ምን ተናግረሽ ነው ልጄ?»

«የዳይሬክተራችን ልጆች የሚማሩት ሌላ ትምህርት ቤት ነው አልኩ። ለአንዲት ወላጅ ብቻ!»

«ካድሽ?»

«ኧረ ግምገማ ላይ አምኜ ሂሴን ዋጥኩ። እዚያው ያልቃል ብዬ ነበር።»

«አላለቀም?»

«ለሌላው መምህር ትምህርት ይሁን ብለው የደብዳቤውን ግልባጭ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። በሩ ጋ፣ ወላጅ ልጁን ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ።»

«ጥፋትሽንም ጽፈውታል?»

«‹የዳይሬክተሩ ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚማሩ ለወላጅ በመናገርሽ› ይላል።»

«ከነማህተሙ?»

«ከነማህተሙ! እኔ የነገርኳት አንዷ አላመነችኝም ነበር። አሁን እሷም አመነች።»

«ፈራሚው ማን ነው?»

«ራሳቸው ዳይሬክተሩ ናቸዋ!»

ደብዳቤው አናት ላይ ያለውን አርማ አየሁና፣ ያው አርማ የተሰፋበትን የልጄን ሹራብ ቀስ ብዬ ፌስታሌ ውስጥ ከተትኩት።