የመንገደኛ ቅሬ

በድርቁ ዓመት ከጎብዬ ወደ ቆቦ ስንጓዝ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ያወሩ ነበር።

«አያ ይማም፣ ትናንት መንገድ ዳር የሞተውን እንግዳ የት ቀበራችሁት?»

«ገና ነው እቴ። ማተብም የለው፣ ሙስበሃም የለው። እስላም ይሁን ክርስቲያን የሚያውቅ ጠፋ።»

«ታዲያ እንዴት ይሁን?»

«እኛን የሚቀብረን ቅሬ አለን፤ ለመንገደኛም ቅሬ እናቋቁም ነው የምለው። ነፍሱ ሳትወጣ አጠገቡ ተቀምጦ ውሃ የሚያቀምሰው፣ ስሙን የሚጠይቀው ሰው ይኑር።»

«ቀበሌ ሳይፈቅድ? ተሰበሰባችሁ ብለው ቢያስሩንስ?»

«እሱን ፈርቼ ነው እስከ ዛሬ ሳላነሳው የቆየሁት።»

«በሽታውስ ቢጋባብን?»

«እሱንም ፈራሁ። ግን ሬሳው ፀሐይ ላይ ውሎ አደረ፣ ወላሂ።»

«እንግዲያስ ስሜን ወረቀት ላይ አታስፍሩት እንጂ፣ የነገውን ተራ እኔ እቀመጣለሁ።»

እኔም ትከሻዬን ተደግፎ ያንቀላፋውን፣ የማላውቀውን ሰው ትንፋሽ አዳመጥኩ።