ጣሪያዋ የሚገለጠው መኪና

በጋይንት ምድር፣ ጣሪያዋ በሚገለጥ የአሜሪካ መኪና እንደ ንፋስ እየበረረ ሙሽሪትን ያመጣ ከእኔ በቀር የለም።

ትናንት ከንፋስ መውጫ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት ያወራሉ።

“አባቴ፣ ያቺን ክፍት መኪናዎን ሊሸጧት ነው?”

“አዎ ልጄ፣ ደብረ ታቦር ገዢ እየጠበቀኝ ነው። እንዲህ ያለች በአገሩ የለችም ብሎኛል።”

“ሞተሯ ይሠራል?”

“ኧረ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ለሠርግ በበሬ ነበር የማስጎትታት።”

“በበሬ?!”

“ጥሩምባዋም አይሠራም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አጠገቤ ተቀምጣ በአፏ ‘ጲጲጵ!’ ትልልኝ ነበር።”

“ታዲያ እንዴት አስችሎዎት ይሸጧታል?”

ሽማግሌው ወደ ረዳቱ ዞረው ጮኹ።

“ወራጅ አለ! ወደ ቤቴ ልመለስ።”

በሠርጌ ቀን ያቺን መኪና የጎተቷት ሁለት በሬዎች የአባቴ ነበሩና፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ።